ቀጣሪን ማን ፈተነው?
የሠራተኛ አስተዳደር ባለሙያዎች የሙያ ፈተና አጭር ታሪክ

መግቢያ

ፈተና የሚለው ቃል ሲነሣ ለአብዛኞቻችን ቀድሞ የሚታየን ተማሪ ነው። ተማሪው ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ፍለጋ ሲወጣም ፈተና አይቀርለትም። ማመልከቻ ያስገባል፤ ማስረጃው ይመረመራል፤ የጽሑፍና የቃል ፈተና ይሰጠዋል፤ በመጨረሻም ስሙ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ ወይም ሳይለጠፍ ይቀራል። ይህን ሁሉ ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጦ የሚወስን ሰው አለ። ለመሆኑ እርሱን ማን ፈተነው? ሌላውን ሰው ለመመዘን የሚያበቃ ዕውቀት እንዳለው በምን ታወቀ?

ይህ ጥያቄ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን የብዙ ሰዎች እንጀራ የሚወሰነው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቀድሞ “የሠራተኛ ጉዳይ” ወይም “ፔርሶኔል”፣ ዛሬ ደግሞ “የሰው ሀብት አስተዳደር” እየተባለ የሚጠራው ሥራ መቅጠርን፣ መመደብን፣ ማሳደግን፣ ደመወዝ መወሰንንና ማሰናበትን ይጨምራል። ይህን ሥራ የያዘ ሰው ራሱ ተፈትኖ የሙያ ምስክር ወረቀት ይያዝ የሚለው ሐሳብ ግን በታሪክ ዘግይቶ የመጣ ነው። እንዴት እንደ መጣ፣ ምን እንደ ጠቀመና የት ላይ እንደሚያንስ በዚህ ጽሑፍ በአጭሩ እንመለከታለን። ዘመናቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውል ከወዲሁ አሳስባለሁ።

1. ከደጅ ጥናት ወደ ፈተና

በአገራችን በቀድሞው ዘመን ሹመትና ሥራ በአብዛኛው የሚገኘው በደጅ ጥናት ነበር። ባለጉዳዩ ከመኳንንቱ ደጅ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይመላለሳል፤ የሚያስታውስለት ዘመድ ወይም አማላጅ ይፈልጋል። በዚህ መንገድ የተገኘ ሹመት መቼ እንደሚወሰድ ስለማይታወቅ “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል” የሚል ተረት ተፈጠረ። ተረቱ የሰውን ስስት ብቻ የሚናገር አይደለም፤ ሥራ በችሎታ ሳይሆን በፊት ሲሰጥ ሠራተኛው ለሥራው ታማኝ የሚሆንበት ምክንያት እንደሌለም ይናገራል።

ይህ ልማድ የእኛ ብቻ አልነበረም። ከዚህ ልማድ ለመውጣት ብዙ ዘመን የደከመችው አገር ቻይና ናት። ከ605 ገደማ ጀምሮ እስከ 1905 ድረስ፣ ማለትም ለ1300 ዓመታት ያህል፣ የመንግሥት ሹማምንትን በጽሑፍ ፈተና የመምረጥ ሥርዓት በዚያች አገር ቆይቷል። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የተፈታኙ ስም በወረቀት እንዲሸፈን ተደረገ። ይህም አልበቃ ብሎ ፈታኙ የእጅ ጽሑፉን እንዳይለይ መልሱን ሌሎች ጸሐፊዎች እንዲገለብጡት ታዘዘ። ከዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። የቻይና ሊቃውንት የጠረጠሩት ተፈታኙን ብቻ አልነበረም፤ ፈታኙንም ጭምር ነበር።

በብሪታንያ ደግሞ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የመንግሥት ሥራ የሚሰጠው በትውውቅና በባለሥልጣን ፈቃድ ነበር። ስታፎርድ ኖርዝኮትና ቻርልስ ትሬቬልያን የተባሉ ሁለት ሰዎች ሁኔታውን መርምረው ያዘጋጁት ዘገባ በ1854 ለሕዝብ ወጣ። የመንግሥት ሥራ የሰነፎችና ሌላ ቦታ ያልተሳካላቸው ሰዎች መጠጊያ እየሆነ መምጣቱን ያለ ይሉኝታ አስረዱ። መፍትሔ ያሉትም ቅጥር በፈተና፣ እድገት በሥራ ውጤት እንዲሆን ነው። በሚቀጥለው ዓመት በ1855 የሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን ተቋቋመ። ለሁሉም ክፍት የሆነ ውድድር በአብዛኞቹ መሥሪያ ቤቶች የተፈቀደው ግን ገና በ1870 ነው።

በአሜሪካ ለውጡን ያፋጠነው ደም ነው። በሐምሌ 1881 ቻርልስ ጊቶ የተባለ ሰው ሹመት ተመኝቶ ስለ ተነፈገ ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድን በዋሽንግተን የባቡር ጣቢያ ውስጥ በጥይት መታው። ፕሬዚዳንቱ በመስከረም ወር ሞተ። ሕዝቡ በሹመት ንግዱ ተቈጣ፤ በጥር 1883ም የፔንድልተን ሕግ ጸደቀ። ሕጉ በመጀመሪያ የነካው ከፌዴራል መንግሥት ሥራዎች ከመቶ ዐሥር ያህሉን ብቻ ቢሆንም በኋላ እየሰፋ ሄደ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1961 በወጣ ትእዛዝ የማዕከላዊ ሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ በ1962ም የመንግሥት ሠራተኞች ደንብ ወጣ። ዓላማው ቅጥርና እድገት በችሎታ እንዲሆን፣ የሥራ መደቦችና ደመወዝም በአንድ ሥርዓት እንዲመሩ ማድረግ ነበር። በወረቀት የተጻፈው ሁሉ በተግባር ዋለ ለማለት ባይቻልም፣ ከደጅ ጥናት ወደ መደብና ደረጃ የተደረገው ጉዞ ከዚህ ይጀምራል።

እንግዲህ በእነዚህ አገሮች ሁሉ የተፈተነው ተቀጣሪው ነው። ፈተናውን የሚያዘጋጀው፣ ፋይሉን የሚይዘውና ስሙን የሚለጥፈው ባለሙያ ግን ራሱን የቻለ ሙያ እንዳለው ገና አልታወቀለትም ነበር።

2. የሠራተኛ ጉዳይ ኀላፊ ከየት መጣ?

ይህ ሙያ የተወለደው በፋብሪካ ውስጥ ነው። በእንግሊዝ አገር ዮርክ በተባለች ከተማ የራውንትሪ ቤተ ሰብ የካካዎና የቸኮላት ፋብሪካ ነበረው። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ልጃገረዶች ስለ ነበሩ፣ በ1896 ሜሪ ዉድ የተባለች ሴት ደኅንነታቸውን እንድትከታተል ተቀጠረች። ሥራዋ የታመሙትን መጠየቅ፣ የምግቡንና የንጽሕናውን ሁኔታ መመልከት፣ የሠራተኞችን አቤቱታ ለባለ ፋብሪካው ማድረስን የመሰለ ነበር። ዛሬ የሰው ሀብት አስተዳደር የምንለው ትልቅ መምሪያ አንዱ ሥሩ ይህ ነው።

በ1913 እንደ ሜሪ ዉድ ያለ ሥራ የያዙ ሰዎች በዚያችው በዮርክ ተሰብስበው ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ በዘመናት ውስጥ ስሙን ብዙ ጊዜ ለውጧል። በመጀመሪያ የሠራተኛ ደኅንነት ሠራተኞች ማኅበር ነበር፤ በ1931 የሠራተኛ ኀይል አስተዳደር ኢንስቲትዩት፣ በ1946 የፔርሶኔል አስተዳደር ኢንስቲትዩት ተባለ። በ1994 ከሥልጠና ባለሙያዎች ማኅበር ጋር ተዋሕዶ፣ በ2000 ንጉሣዊ ቻርተር አገኘ። የስሙን ለውጥ ብቻ ብንከተል እንኳ የሙያውን ታሪክ እናነባለን። መጀመሪያ ለድኻው ሠራተኛ መራራት ነበር፤ ቀጥሎ ሠራተኛውን ማስተዳደር ሆነ፤ በመጨረሻም በዕውቀት የሚመራ ሙያ ሆነ።

በአሜሪካ መንገዱ ትንሽ የተለየ ነበር። በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በዴይተን ከተማ የገንዘብ መመዝገቢያ መኪና ይሠራ የነበረው ናሽናል ካሽ ሬጅስተር ኩባንያ፣ በ1901 ከባድ የሥራ ማቆም አድማ ካጋጠመው በኋላ የሠራተኛውን አቤቱታና ስንብት የሚመለከት የተለየ ክፍል አቋቋመ። በዮርክ ርኅራኄ የወለደውን ሥራ በዴይተን የወለደው ግጭት ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። አሜሪካ በ1917 ወደ ጦርነቱ ስትገባ እጅግ ብዙ ምልምል በአጭር ጊዜ መመደብ ነበረባት። በዚህ ጊዜ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ተጠሩ። ዋልተር ዲል ስኮት ምልምሎችን በችሎታቸው የመመደቡን ሥራ መራ። ሌሎችም አልፋና ቤታ የሚባሉ ሁለት ፈተናዎች አዘጋጁ። አልፋ ማንበብ ለሚችሉ፣ ቤታ ደግሞ ማንበብ ለማይችሉ ወይም እንግሊዝኛ ለማያውቁ ነበር። 1.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተፈተኑ። ጦርነቱ ሲያልቅ እንዲህ ያለው ፈተና ወደ ኩባንያዎች ተሻገረ፤ የሠራተኛ ጉዳይ ኀላፊውም ፈታኝ ሆነ።

ይሁን እንጂ ከአልፋ ጥያቄዎች አንዳንዶቹ የሚጠይቁት የአሜሪካን ገበያና ኑሮ ለሚያውቅ ሰው ብቻ የሚታወቅ ነገር ነበር። ከገጠር የመጣ ወይም ከባሕር ማዶ የገባ ሰው ጥያቄውን ቢስት ማስተዋል ጐድሎት ነው ሊባል አይገባም ነበር። ግን ተባለ። ይህ ዐይነቱ ስሕተት ከሃምሳ ዓመት በኋላ በፍርድ ቤት ፊት እንደሚቀርብ ቀጥለን እናያለን።

3. ፈተናው ራሱ ሲከሰስ

በሰሜን ካሮላይና ክፍለ ግዛት ድሬፐር በተባለ ቦታ የዱክ ኤሌክትሪክ ኀይል ኩባንያ በእንፋሎት የሚሠራ ማመንጫ ነበረው። በማመንጫው ከሚሠሩት 95 ሰዎች 14ቱ ጥቁሮች ነበሩ። ኩባንያው ጥቁሮቹን የሚቀጥረው በጉልበት ሥራ ክፍል ብቻ ሲሆን፣ በዚያ ክፍል ከፍተኛው ደመወዝ በሌሎቹ ክፍሎች ካለው ዝቅተኛ ደመወዝ ያንስ ነበር። በ1955 ኩባንያው ከጉልበት ሥራ በቀር ለሌሎቹ ክፍሎች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቂያ ዲፕሎማ ያስፈልጋል አለ።

በ1964 በዘር ልዩነት ማድረግን የሚከለክል ሕግ በአሜሪካ ወጣ፤ የሥራ ቅጥርን የሚመለከተው ክፍልም ሐምሌ 2 ቀን 1965 መጽናት ጀመረ። በዚያኑ ዕለት ኩባንያው አዲስ ደንብ አወጣ፤ ከጉልበት ሥራ ክፍል ውጪ የሚቀጠር አዲስ ሠራተኛ ከዲፕሎማው በተጨማሪ ሁለት የተዘጋጁ የችሎታ ፈተናዎችን እንዲያልፍ ደነገገ። ወዲያውም ዲፕሎማ የሌላቸው ነባር ሠራተኞች ወደ ተሻለ ክፍል መዛወር ቢፈልጉ እነዚያኑ ፈተናዎች ማለፍ እንዳለባቸው ተነገራቸው። ደንቡ ስለ ቆዳ ቀለም አንድ ቃል አይናገርም። ነገር ግን ጥቁሮቹ ለብዙ ዘመን በተለያዩና ባነሱ ትምህርት ቤቶች ሲማሩ የኖሩ ናቸው። ከሁሉ የሚያስገርመው፣ ደንቡ ከመውጣቱ በፊት ያለ ዲፕሎማ የተቀጠሩ ነጮች በእነዚያው ክፍሎች ሥራቸውን በሚገባ ይሠሩ ነበር።

ከጥቁሮቹ ሠራተኞች 13ቱ ከሰሱ፤ ጉዳዩም በአንደኛው ከሳሽ ስም የግሪግስ ክስ ተብሎ ታወቀ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 1971 በሙሉ ድምፅ ፈረደላቸው። ፍርዱን የጻፈው ዋናው ዳኛ ዋረን በርገር ነው። የፍርዱ ፍሬ ነገር በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ፈተናም ሆነ ዲፕሎማ የተከለከለ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን አንዱን ወገን አብዝቶ የሚያስቀር ከሆነ፣ ከሥራው ጋር ግንኙነት እንዳለው ቀጣሪው ማስረዳት አለበት። ሰውየውን ለሥራው መዝነው፤ ከሥራው ለይተህ አትመዝነው እንደ ማለት ነው።

በ1978 የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይህን ፍርድ ተከትለው አንድ ወጥ መመሪያ አወጡ። በመመሪያው ውስጥ “የአራት አምስተኛ ደንብ” የሚባል ስሌት አለ፤ ለሒሳብ ክፍለ ጊዜም ይጠቅማል። ከአንድ ወገን 100 ሰዎች አመልክተው 60ው ቢያልፉ ምጣኔው 60 ከመቶ ነው። የ60 አራት አምስተኛ 48 ነው። እንግዲህ ከሌላው ወገን የሚያልፉት ከመቶ ከ48 ካነሱ ፈተናው ይጠረጠራል። መጠርጠር ግን መፍረድ አይደለም፤ ምርመራ ያስፈልጋል ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ የሠራተኛ ጉዳይ ኀላፊው ሁኔታ ፈጽሞ ተለወጠ። ቀድሞ “ፈተናውን ወድቀሃል” ብሎ ማሰናበት ይበቃው ነበር። አሁን “ፈተናህ ከሥራው ጋር ምን ያገናኘዋል?” ተብሎ ይጠየቃል። በዚያ ላይ በ1970 የሥራ ቦታ ደኅንነት ሕግ፣ በ1974 የጡረታ መብት ሕግ ተጨመሩ። ይህን ሁሉ የማያውቅ ሰው በዚያ ወንበር ቢቀመጥ ሠራተኛውንም መሥሪያ ቤቱንም ይጐዳል። የባለሙያዎቹ የሙያ ፈተና በ1970ዎቹ መምጣቱም ከዚህ ሁኔታ ጋር የሚገናኝ ነው።

4. ሙያ የሚያሰኙ አምስት ምልክቶች

የአሜሪካ የፔርሶኔል አስተዳደር ማኅበር የተመሠረተው በ1948 ነው። በ1960ዎቹ ውስጥ ማኅበሩ ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጋር ባደረገው ጉባኤ አንድ ሥራ “ሙያ” ለመባል ምን ምን ሊኖረው እንደሚገባ ውይይት ተደረገ። አምስት ምልክቶች ተጠቀሱ። አንደኛ፣ ሥራው ሙሉ ጊዜ የሚሠራ መሆኑ፤ ሁለተኛ፣ የሚሰጥ ትምህርትና ትምህርት ቤት መኖሩ፤ ሦስተኛ፣ አገር አቀፍ ማኅበር መኖሩ፤ አራተኛ፣ ችሎታን በማረጋገጥ ምስክር ወረቀት የመስጠት ሥርዓት መኖሩ፤ አምስተኛ፣ የሥነ ምግባር ደንብ መኖሩ ናቸው። አንባቢው መምህር እነዚህን አምስቱን ከራሱ ሙያ ጋር ቢያስተያይ ብዙ ነገር ያገኛል።

ከአምስቱ ይጐድል የነበረውን አራተኛውን ለማሟላት በ1976 ምስክር ወረቀት የሚሰጥ የተለየ ተቋም በማኅበሩ ሥር ቆመ። በ1988 የባለሙያና የከፍተኛ ባለሙያ የሚባሉት ሁለት ደረጃዎች ተለይተው ወጡ። በ1989 ማኅበሩ “ፔርሶኔል” የሚለውን ቃል ትቶ የሰው ሀብት አስተዳደር ማኅበር ተባለ፤ ፈታኙም ተቋም በዚሁ መሠረት ስሙን ለወጠ።

ይህ ምስክር ወረቀት በሕግ የሚገደዱበት አይደለም። በአሜሪካ ያለ ምስክር ወረቀት በዚህ ሥራ መሠማራት ይቻላል፤ ወረቀቱ የሚያስገኘው በቀጣሪ ዘንድ መታመንን ነው። ለፈተናው ለመቀመጥም ትምህርትና ልምድ አንዱ የሌላውን ጉድለት እንዲሸፍን ተደርጓል። ለመጀመሪያው ደረጃ የማስትሬት ዲግሪ ያለው አንድ ዓመት፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሁለት ዓመት፣ ዲግሪ የሌለው ደግሞ አራት ዓመት በሙያው የሠራ መሆን እንዳለበት ተደንግጓል። በድሬፐር የተዘጋውን በር ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዲግሪ የሌለው ሰው በሥራ ያገኘውን ዕውቀት ይዞ በዚያው በር ይገባል።

5. ጥያቄው እንዴት ይዘጋጃል? ማለፊያ ነጥቡስ?

ይህ ክፍል በተለይ ጥያቄ ማውጣት የዘወትር ሥራችን ለሆነው ለእኛ ለመምህራን ይጠቅማል። የሙያ ፈተና የሚያዘጋጁ ተቋማት ሥራቸውን የሚጀምሩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከሥራው ነው። በመጀመሪያ በሙያው ያሉትን ሰዎች “በየቀኑ የምትሠሩት ምንድን ነው? የትኛው ይበልጥ ያስፈልጋል?” ብለው ይጠይቃሉ። ከመልሱ ዝርዝር ይወጣል፤ ለእያንዳንዱ ክፍል ስንት ከመቶ ጥያቄ እንደሚደርስም ይወሰናል። ጥያቄዎቹን የሚጽፉት በሙያው ያሉ ሰዎች ናቸው። አዲስ ጥያቄ ወዲያው አይታሰብም፤ ከሚታሰቡት መካከል ተቀላቅሎ ይቀርብና ተፈታኞች እንዴት እንደ መለሱት ታይቶ፣ ደኅና ሆኖ ሲገኝ ብቻ ለወደፊቱ ይያዛል።

ከዚያ በኋላ ማለፊያ ነጥቡ ይወሰናል። ብዙዎቻችን ማለፊያ ሲባል 50 ከመቶ ማለት ይመስለናል። ግን ለምን 50? ጥያቄዎቹ በጣም ቀላል ከሆኑ 50 ያገኘ ሰው ምንም ላያውቅ ይችላል፤ በጣም ከባድ ከሆኑ ደግሞ ዐዋቂው ይወድቃል። ዊልያም አንጎፍ የተባለ የምዘና ሊቅ በ1971 በታተመ ጽሑፉ የጠቀሰው ዘዴ ለዚህ መፍትሔ ይሰጣል። በሙያው የበሰሉ ሰዎች ይሰበሰባሉ። ለሥራው ልክ የሚበቃ፣ ከዚያ የማያንስም የማይተርፍም ሰው እንዲያስቡ ይነገራቸዋል። ከዚያም ለእያንዳንዱ ጥያቄ “እንዲህ ካሉት መቶ ሰዎች ስንቱ በትክክል ይመልሱታል?” ተብለው ይጠየቃሉ። ግምታቸው ይደመርና አማካዩ ይወሰዳል።

ለምሳሌ ሦስት ጥያቄዎች ብቻ ያሉበት ፈተና እናስብ። የመዛኞቹ አማካይ ግምት ለአንደኛው 80፣ ለሁለተኛው 60፣ ለሦስተኛው 40 ከመቶ ቢሆን፣ በአንድ ጥያቄ ሲሰላ 0.8፣ 0.6 እና 0.4 ነው። ድምሩ 1.8 ስለሆነ ማለፊያው ከሦስት 1.8፣ ማለትም 60 ከመቶ ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ዘዴ አንድ ተፈታኝ የሚያልፈው ከጎኑ ካለው ሰው ስለ በለጠ አይደለም፤ ለሥራው የሚያስፈልገውን ስላሟላ ነው። ሁሉም ከበቁ ሁሉም ያልፋሉ፤ ማንም ካልበቃ ማንም አያልፍም።

በምሠራበት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም እጩ መምህራን ይህን ዘዴ በራሳቸው ጥያቄ ላይ ሲሞክሩት፣ ስለ ማለፊያው ከመከራከራቸው በፊት ስለ ጥያቄው መከራከር ይጀምራሉ። “ይህን ጥያቄ የበቃ ተማሪ እንኳ አይመልሰውም” ሲባል፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በጥያቄው አጻጻፍ ላይ ሆኖ ይገኛል። የዘዴው ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል። ፈታኙ ተፈታኙን ከመመዘኑ በፊት የገዛ ሥራውን እንዲመዝን ያስገድደዋል።

ምስክር ወረቀቱም የዕድሜ ልክ አይደለም። ሕግም አሠራርም ስለሚለወጥ ባለሙያው በየሦስት ዓመቱ ማሳደስ አለበት፤ ለዚህም በሥልጠናና በሙያው ሥራ 60 ነጥብ ማጠራቀም ወይም እንደገና መፈተን ይጠበቅበታል።

6. አንድ ሙያ፣ ሁለት ምስክር ወረቀት

ይህ ሁሉ ሲባል ነገሩ ያለ ክርክር የሄደ እንዳይመስል። በ2014 የሰው ሀብት አስተዳደር ማኅበሩ፣ ቀድሞ በሥሩ ያደገው ተቋም ከሚሰጠው ፈተና የተለየ የራሱን ምስክር ወረቀት እንደሚጀምር አስታወቀ፤ የመጀመሪያውም ፈተና በ2015 ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ ቆይተዋል።

የልዩነቱ ምክንያት ተብሎ የተነገረው ለመምህር የሚያስብ ነው። ማኅበሩ፣ ባለሙያው ማወቁ ብቻ አይበቃም፤ ያወቀውን በሥራ ላይ እንዴት እንደሚያውለው መመዘን አለበት አለ። ስለዚህ በፈተናው ውስጥ አንድ ችግር ተተርኮ “በዚህ ሁኔታ ምን ብታደርግ ይሻላል?” የሚሉ ጥያቄዎችን ጨመረ። የነባሩ ተቋም ደጋፊዎች በበኩላቸው፣ ለብዙ ዓመታት የተፈተሸ ምዘና እንዳለና ዕውቀትና ልምድ ቀድሞም እንደሚመዘን ተናገሩ። ከምስክር ወረቀት የሚገኝ ገቢም መኖሩን ልብ ያለ አንባቢ፣ ክርክሩ የሐሳብ ብቻ ነው ብሎ አይደመድምም። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ፈተና የሚያዘጋጅ አካል ራሱ ጥቅም አለውና፣ እርሱም ቢሆን የሚቈጣጠረው ያስፈልገዋል።

7. የኬንያ መንገድ

ጎረቤታችን ኬንያ የተከተለችው መንገድ ከአሜሪካ ይለያል። በኬንያ የሙያው ማኅበር በ1970ዎቹ ቢመሠረትም ለብዙ ዘመን አባልነቱ በፈቃድ ብቻ ነበር። በ2012 ግን የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያዎች ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት ማኅበሩ በሕግ የቆመ ኢንስቲትዩት ሆነ፤ ፈተናውን የሚያዘጋጅ የፈተናዎች ቦርድም ተቋቋመ። በሙያው የሚሠራ ሰው መመዝገብና የሥራ ፈቃድ መያዝ ይገባዋል ተባለ።

ልዩነቱን እናስተውል። በአሜሪካ ምስክር ወረቀቱ ክብር ነው፤ በኬንያ ግን ሕጉ ፈቃድ እንዲሆን ፈልጓል። ክብርን የተነጠቀ ሰው ሥራውን ይቀጥላል፤ ፈቃዱን የተነጠቀ ግን ይቆማል። የኬንያው ሕግ ደካማ ጐን ሊኖረው እንደሚችል ግልጽ ነው። በር ሲጠብብ ዋጋ ይጨምራል፤ ለምዝገባና ለፈተና የሚከፈለው ገንዘብ ደግሞ ለድኻው ወጣት ሸክም ነው። ጠንካራ ጐኑ ግን ይህ ነው። አለቃው “የወንድሜን ልጅ ቅጠርልኝ” ሲለው፣ ባለሙያው “እንዲህ ባደርግ በሙያ ማኅበሬ እጠየቃለሁ” ብሎ የሚመልሰው ቃል አለው። “ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ” በሚባልበት አገር እንዲህ ያለው ቃል ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

8. ማጠቃለያ

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ምንድን ነው? ፈተና ከደጅ ጥናት ይሻላል፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን የድሬፐር ሠራተኞች እንዳዩት ፈተናም የተቈለፈ ደጅ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የሚመጣው ከሦስት ነገሮች ነው። ፈተናው ከሥራው የተነሣ ይሁን፤ በሩ በሌላ መንገድ ለተማረውም ክፍት ይሁን፤ ፈታኙም የሚጠየቅበት ቦታ ይኑር።

ከሦስቱ የመጨረሻው የሁሉም ማሰሪያ ይመስለኛል። ማንኛውም የጽሑፍ ፈተና የሰውን ድፍረትና ሕሊና ሙሉ በሙሉ አይለካም። ሕጉን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ሕጉን ሊያጣምም ይችላል። የሙያ ፈተና ጥቅሙ ደጋግ ሰዎችን መፍጠሩ አይደለም፤ በሌላው እንጀራ ላይ የሚፈርድ ሰው በእርሱም ላይ የሚፈርድ እንዳለ እንዲያውቅ ማድረጉ ነው። የቻይና ሊቃውንት ስም የሸፈኑት፣ የአሜሪካ ዳኞች “ከሥራው ጋር ምን ያገናኘዋል?” ብለው የጠየቁት፣ ኬንያም ፈቃድን በሕግ ያሰረችው ስለዚህ ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በአገራችን የመምህራን የሙያ ብቃት ምዘናና ፈቃድ ከተጀመረ ወዲህ “ለምን እንፈተናለን?” የሚለው ቅሬታ በየመምህራን ማረፊያ ክፍል ይሰማል። ትክክለኛው ጥያቄ ግን “ምዘናው በክፍል ውስጥ ከምንሠራው ሥራ የተነሣ ነው ወይ? መዛኙስ ለማን ይጠየቃል?” የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ በድፍረት የምንጠይቅ ከሆነ፣ ተማሪዎቻችንም ስለምናወጣላቸው ፈተና ይህንኑ ሲጠይቁን መልስ ሊኖረን ይገባል።

ለክፍል ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የቻይና ፈታኞች የተፈታኙን መልስ ሌላ ሰው እንዲገለብጠው ያደረጉት ለምንድን ነው? በእናንተ ትምህርት ቤት ተመሳሳይ ዓላማ ያለው አሠራር አለ?

2. ከአንድ ወገን 80 ሰዎች አመልክተው 40ው፣ ከሌላው ወገን 50 ሰዎች አመልክተው 18ቱ ቢያልፉ፣ በአራት አምስተኛ ደንብ ፈተናው ይጠረጠራል ወይ? ስሌቱን አሳዩ።

3. በፈቃደኝነት የሚያዝ ምስክር ወረቀትና በሕግ የሚጠየቅ የሥራ ፈቃድ ለሠራተኛው፣ ለቀጣሪውና ለባለሙያው ያላቸውን ጥቅምና ጉዳት አነጻጽሩ።